የማያየን ቅዱስ

የአምስተርዳሙ ሠዓሊ ሬምብራንት እ.ኤ.አ. በ1648 ከሠራቸው የመዳብ ኅትመቶች አንዱ ቁመቱ 18፣ ወርዱ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የመለሰው ቅዱስ ሄሮኒሞስ አናቱ ከተቆረጠ አሮጌ አኻያ አጠገብ ተቀምጦ ይጽፋል። በትውፊት ከእሱ የማይለየው አንበሳም ከግንዱ ኋላ ብቅ ብሏል።

ይህ ሥዕል መንፈሳዊ የሚባለው በምኑ ነው? ገጹን የሞላው ዛፉ ነው። የቅርፊቱ ስንጥቅ፣ ከደረቀው ግንድ ያቆጠቆጠው ለምለም ቅርንጫፍ አንድ በአንድ ተለቅሟል። ቅዱሱ ግን በጥቂት ቀጫጭን መስመሮች ብቻ ተነክቶ ታልፏል። የዘመኑ የአምስተርዳም ይፋዊ ቤተ ክርስቲያን ቅዱሳንን ከማክበር የራቀች ነበረች። ስለዚህ «ቅዱሱ ሰበብ ነው፤ ሠዓሊው የፈለገው ዛፉን ነው» የሚል ሰው ቢነሳ ክርክሩ ባዶ አይደለም።

እኔ ግን አልቀበለውም። የአገራችን ሠዓሊያን ቅዱሳንን ፊት ለፊት፣ በተገለጡ ትልልቅ ዓይኖች ይሥላሉ። ምእመኑ ቀና ሲል ቅዱሱም ያየዋል፤ ጸሎቱም ከዚያ መተያየት ይጀምራል። ሄሮኒሞስ አያየንም። መነጽሩን አድርጎ ወረቀቱ ላይ አቀርቅሯል። ሥዕሉ ትንሽ በመሆኑ እኛም በእጃችን ይዘን፣ አቀርቅረን ካልሆነ አይታየንም። መተያየቱ ቢቀር አብሮ ማጎንበስ አለ። ሠዓሊው ለቅርፊቱ የሰጠው ትጋትም ቅዱሱ ለፊደሉ ከሚሰጠው ትጋት የሚለይ አይመስለኝም።

«እንዲህ ከሆነ በጥንቃቄ የተሣለ ጫማም መንፈሳዊ ሊባል ነው» ይባል ይሆናል። አይባልም። ትጋት ብቻውን አቅጣጫ የለውም፤ ለምንና ለማን እንደሆነ የሚነግረን ከዛፉ ጥግ ያለው ጸሐፊ ነው። እሱን ብናነሳው አኻያው ውበቱን አያጣም፤ የሚጎድለው በሥሩ የሚሠራው ሥራ ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ። መዳቡ በመርፌ ሲጫር የሚወጣው ለስላሳ መስመር ሰሌዳው በታተመ ቁጥር እየሟሸሸ ስለሚሄድ፣ ሰብሳቢዎች ቀድሞ የታተመውን ይሻሉ። ልክ ናቸው። ለጸሎት ግን የደበዘዘውም ቅጂ ይበቃል ባይ ነኝ፤ መጠኑ እስካልተለወጠ ድረስ። በስልክ ላይ በጣት ተለጥጦ ሲታይ ቅርፊቱ ይጎላል፣ መነጽሩም ይለያል፤ ማጎንበሱ ግን ይቀራል።