ካቻቪቴውን አርቀህ አስቀምጥ

ልጄ፣ ትናንት ከኮተቤ ደውለህ «ጋሼ፣ የአባቴ ስፒከር ተቀዷል፤ ጥዬው ሞንታርቦ ልግዛ እንዴ?» ስትለኝ ሳቄ መጣ። ሞንታርቦ የጣልያን ፋብሪካ ስም መሆኑን ረስተን ትልቁን ድምፅ ማጉያ ሁሉ በእሱ ስም ጠራነው፤ ትንሹን የቤት ስፒከር ደግሞ ሲቀደድ የሚጣል ዕቃ አደረግነው። አትጣለው። የላክኸውን ፎቶ በመነጽሬ ደጋግሜ አየሁት። ስንጥቁ ሁለት ጣት ቢሆን ነው፤ ከስፒከሩ ወረቀትም የጎደለ የለም። እንዲህ ያለው በሻይ ከረጢትና በኮላ እቤት ይጠገናል።

እስኪጠገን ግን አታጫውተው። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚባለው ለእርቅ ብቻ አይደለም። ወፍራሙ ድምፅ ሲወጣ ያ ወረቀት በሰከንድ 50 እና 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ ለቀጭኑ ድምፅ ከሺህ ያልፋል። ዛሬ 3 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ስንጥቅ ይዘህ አንድ ካሴት ከጫፍ እስከ ጫፍ ብትሰማበት፣ ነገ ረዝሞ ታገኘዋለህ።

ደግሞ የምትነካውን ነገር እወቀው። ከወረቀቱ ጀርባ ቀጭን ሽቦ የተጠቀለለበት አጭር ቱቦ አለ፤ ማግኔቱ መሐል ባለች ጠባብ ክፍተት ውስጥ ምንም ሳይነካ ይቆማል። ኤሌክትሪክ ሲገባበት ማግኔቱ አንዴ ይገፋዋል፣ አንዴ ይስበዋል፤ እሱም ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ ወረቀቱ አየሩን ይመታል። ራይስና ኬሎግ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1925 ያሳወቁት አሠራር ነው። ጥር 12 ቀን የየካ ሚካኤል ታቦት ሲገባ መንገድ ዳር የሚያስተጋባው ትልቁ ማጉያ ውስጥም ያለው ይኸው ነው።

ስለዚህ ወረቀቱን ከመለጠፍህ በፊት ሽቦው በሕይወት መኖሩን እይ። የግድግዳ ሰዓትህን ድንጋይ፣ ባለ 1.5 ቮልቱን፣ አውጣና በሁለት ሽቦ የስፒከሩን ሁለት ጫፎች ለቅጽበት ንካበት። «ጥፍ» ካለና ወረቀቱ ከተነቃነቀ ደህና ነው። ዝም ካለ ቴስተር ካለው ጎረቤት ተዋስ፤ ባለ 8 ኦም የሆነው 6 ወይም 7 አካባቢ ያነባል። ጭራሽ ካላነበበ ሽቦው ተቃጥሏል ወይም ተበጥሷል፤ ያኔ ወረቀት መለጠፍ ለሞተ በሬ ቀንበር ማበጀት ነው። ቀጥለህ አምስት ጣትህን ዘርግተህ ወረቀቱን ከመሐሉ ዙሪያ እኩል፣ ቀስ አድርገህ ግፋው። አሸዋ እንደሚፈገፈግ ያለ ድምፅ ከሰማህ ክፍተቱ ውስጥ ባዕድ ነገር ገብቷል፣ ወይም ቱቦው ተጣሟል። እናንተ ሰፈር በር የሚሠራው ብየዳ ቤት ግራይንደሩን ሲያስነሳ መስኮትህን የምትዘጋው ለጆሮህ ብቻ እንዳይመስልህ፤ የብረት ብናኝ ማግኔት ሲያገኝ አይመለስም።

አሁን ወደ ካቻቪቴው ልምጣ። ባንተ ዕድሜ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አንዲት ክፍል ተከራይቼ ሳለሁ የተቀደደ ስፒከር ልጠግን ተነሣሁ። ሦስቱን ብሎን ፈታሁ፤ አራተኛው ላይ ቸኮልኩ። ካቻቪቴው ከብሎኑ ጭንቅላት ሲያመልጥ ማግኔቱ ከእጄ ነጠቀኝና ወረቀቱን ወጋው። በአንድ ቀዳዳ ገብቼ በሁለት ወጣሁ! «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ፤ እኔ ግን የምለቅመው እንኳ አልነበረኝም። አንተ ስትፈታ በግራ እጅህ ወረቀቱ ላይ ወፍራም ካርቶን ያዝ፤ ብሎኖቹን አንስተህ ስትጨርስ ብረት የሆነውን ሁሉ ከጠረጴዛው አርቅ።

ሱፐር ግሉ አታስጠጋበት፤ ደርቆ እንደ ብርጭቆ ይሆንና ከጎኑ አዲስ ስንጥቅ ይከፍታል። ፕላስተርም አትለጥፍበት። ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች አይተሃቸዋል፤ ጎንበስ ብለው፣ ገመዱን ደረታቸው ላይ አስረው። ሸክሙ በአንድ ወገን ከከበደ ቁልቁለቱ ላይ ይዟቸው ይዞራል፤ ስለዚህ ከማንሳታቸው በፊት ጫካው ውስጥ ቆመው ያመጣጥኑታል። የስፒከር ወረቀትም እንዲሁ ነው። በአንድ ጎኑ ወፍራም ልጣፍ ከጫንክበት ሲመላለስ ያጋድላል፤ ቱቦውም ማግኔቱን መፋቅ ይጀምራል። የሚለጠፍበት ነገር ከራሱ ከወረቀቱ መክበድ የለበትም፤ ከዚህ ምክር አንዱን ብቻ የምትይዝ ከሆነ ይህን ያዝ። የተቀደደ ብራና በመርፌና በክር ተሰፍቶ አይተህ ከሆነም ያንን እዚህ አታምጣው። ቆዳ መርፌ ይችላል፤ ወረቀት መርፌው በገባበት ሁሉ ይተረተራል።

የሻይ ከረጢቷን ቅደድ፣ ቅጠሉን አራግፍ፣ ወረቀቷን አጥበህ አድርቅ። በመቀስ እንዳትቆርጣት፤ በእጅህ ቅደዳት። በእጅ ሲቀደድ ጠርዙ ላይ እንደ ጥጥ ያለ ቀጭን ጭራ ያወጣል፤ ያ ጭራ ነው ከስፒከሩ ወረቀት ጋር የሚያያዘው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው እዚህ በዓይን ይታያል። ከስንጥቁ በየጎኑ አንድ ሳንቲ ሜትር የምታልፍ ትሁን። ነጩን የአናጢ ኮላ በእኩል ውሃ አቅጥን። ኮላ ከመንካትህ በፊት ግን የስንጥቁን ሁለት ከንፈር ገጥመህ እይ፤ አንዱ በሌላው ላይ ከወጣ ቀጭን ዘንግ ይዘህ ከጀርባ አስተካክለው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም»፤ ጠሞ ከደረቀ ጠሞ ይቀራል። መጀመሪያ ከጀርባ፣ ወረቀቱን በያዘው ብረት መስኮቶች በኩል፣ በትንሽ ብሩሽ ኮላ ቀብተህ ወረቀቷን አስተኛት፤ በላይዋም ስስ ቀባ። ሲደርቅ በፊት በኩል ድገመው። ወረቀቱ ጥቁር ከሆነ መጨረሻ ላይ በማርከር ታስመስለዋለህ።

አሁን ሐምሌ ነው። የእንጦጦ ጉም እኛ ደጅ ድረስ ሲወርድ ኮላ በአንድ ቀን አይደርቅም፤ ሁለት ቀን ስጠው። ከሰል አጠገብ አታስጠጋው፤ ወረቀቱ ይኮማተራል።

ዳሩን የከበበው ቀለበት ስፖንጅ ሆኖ ስትነካው እንደ ደረቀ ዳቦ ከተፈረፈረ ግን ይህ ሁሉ ምክር አይሠራም። ያ ያረጀ ስለሆነ ቀለበቱ በሙሉ መቀየር አለበት፤ እሱን ለሚያውቅበት ሰው ስጥ።

አንድ ነገር ደግሞ ልቆጣህ። ስፒከሩን የቀደደው ዕድሜ ነው ብለኸኛል። እኔ ግን ቅዳሜ ማታ የምትከፍተውን ድምፅ በስልክ ሰምቼዋለሁ። ትንሽ አምፕሊፋየር እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ድምፁ ሲሰነጠቅ ስፒከሩን መውቀስ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ነው። መንጫረር ሲጀምር ቁልፉን መልስ።

ለብቻህ ከፈራህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዘኸው ና፤ ማግኔቱ ወደ ታች ሆኖ፣ በጋቢ ተጠቅልሎ። የሻይ ከረጢት አትግዛ፤ አክስትህ ከትናንት ጀምራ የጠጣችበትን አጥባ ከምድጃው በላይ ባለው ገመድ ላይ እየሰቀለች ነው። ያንን ድንጋይ ብቻ አትርሳ፤ የእኛ ሰዓት ከቆመ ሰንብቷል።