ገጾቹን ማን ገነጠላቸው?

መጽሐፍ ማቃጠል ክፉ ሥራ ነው ቢባል የሚቃወም ሰው እምብዛም አይገኝም። ነገሩ የሚከብደው መጽሐፉን ከወጣቱ እጅ የሚወስደው ሰው ወጣቱን ከልብ የሚወድ በሆነ ጊዜ ነው። አባት፣ እናት ወይም የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ለልጆቹ ነፍስ በመጨነቅ ከሚያነቡት ነገር ጥቂቱን ቢቀንስባቸው፣ ይህ ጥበቃ ይባላል ወይስ ሌላ ስም ይገባዋል? ይህን ጥያቄ ከራሴ አላነሣሁትም፤ ባለፈው ክረምት ከእኔ ጋር አንድ ልብ ወለድ ያነበቡ ወጣቶች ናቸው ያነሡብኝ። በዕለቱ በቂ መልስ ስላልሰጠኋቸው፣ ከአንባብያን ጋር ሆኜ ላስብበት ብዬ ይህን ጻፍሁ።

በቁምስናችን ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው ወራት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሰብስበን መጽሐፍ እናነባለን። ባለፈው ክረምት የመረጥነው አሜሪካዊው ደራሲ ሬይ ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመውን «ፋራናይት 451» የተሰኘ ልብ ወለድ ነበር። ርእሱ፣ ደራሲው እንደሚለው፣ ወረቀት የሚቀጣጠልበትን የሙቀት መጠን ያመለክታል። በአሜሪካ ወጣቶች በየትምህርት ቤታቸው ለብዙ ዓመታት ሲያነቡት የኖረ ሥራ ነው። እኛም እንግሊዝኛው ከበድ ያለበትን ክፍል በአማርኛ እየተረጐምን፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰብን ጨረስነው።

ታሪኩ የሚፈጸመው በመጪ ዘመን፣ በአንዲት የአሜሪካ ከተማ ነው። በዚያ ዘመን ቤቶች እሳት እንዳይበላቸው ሆነው ስለሚሠሩ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች እሳት ማጥፋቱን ትተው መጽሐፍ የተገኘበትን ቤት ማቃጠል ተግባራቸው ሆኗል። ባለታሪኩ ጋይ ሞንታግ ከእነዚህ ሠራተኞች አንዱ ነው። በሥራው ሲደሰት ኖሮ፣ ክላሪስ የምትባል የ17 ዓመት ጎረቤቱ አንድ ማታ ደስተኛ መሆን አለመሆኑን ስትጠይቀው ልቡ ይታወካል። ቀጥሎም አንዲት አሮጊት ከመጻሕፍቷ ከመለየት ይልቅ አብራ መቃጠልን መርጣ ክብሪቱን ራሷ ስትጭር ያያል። ከዚያ በኋላ ሰላም አያገኝም። በመጨረሻም ከከተማው ሸሽቶ፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ መጽሐፍ በቃላቸው ይዘው በየዱሩ ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ይቀላቀላል። እርሱም በቃሉ የያዘው ከመጽሐፈ መክብብ የተወሰነውን ክፍል ነው።

ደራሲው ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድል ስላላገኘ ራሱን ያስተማረው በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነበር። የዚህን ሥራ የመጀመሪያ ረቂቅም የጻፈው በሎስ አንጀለስ በአንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት፣ ለግማሽ ሰዓት 10 ሳንቲም እየተከፈለበት በሚሠራ የጽሕፈት መኪና ነው። ጠቅላላ ወጪው 9 ዶላር ከ80 ሳንቲም እንደ ነበረ ኋላ ተናግሯል። ይህን ስነግራቸው ወጣቶቹ እጅግ ደስ አላቸው፤ መጽሐፉን ግን ሁሉም በአንድ ዓይን አላዩትም።

አንዱ ተማሪ መጽሐፉ እንደ ሰለቸው በግልጽ ተናገረ። ደራሲው ነገሩን በቀጥታ በመናገር ፈንታ ምሳሌ በምሳሌ ላይ ይደራርባል አለ። ጓደኞቹ ሳቁበት፤ እኔ ግን አልተቈጣሁትም። መጽሐፍ አንብቦ አልወደድሁትም የሚል ወጣት የራሱን ፍርድ መስጠት ጀምሯልና።

አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ የሞንታግን ሚስት ሚልድረድን አዘነችላት። ሚልድረድ ሦስቱ የሳሎን ግድግዳዎቿ ቴሌቪዥን ሆነውላት አራተኛውን የምትመኝ፣ በግድግዳው ላይ የሚታዩትን ሰዎች «ቤተሰቤ» የምትል፣ ሌሊቱን ሁሉ በጆሮዋ በተሰካ ትንሽ ሬዲዮ የምታደምጥ ሴት ናት። ልጅቱ እንዲህ አለች፦ «ደራሲው ይንቃታል፤ እኔ ግን አውቃታለሁ። እኛም ቤት ማታ ማታ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ሁላችንም በየስልካችን ላይ እናቀረቅራለን። ማንም መጽሐፍ አላቃጠለብንም፤ መደርደሪያው ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል።» ይህ ከ70 ዓመት በፊት የተጻፈ መሆኑን ሳስታውሳቸው ሁሉም ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ።

ሦስተኛው አስተያየት ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን ነበር። አንድ ወጣት የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ አለቃ ቢቲ የሚናገረው እውነት አለበት ብሎ ተነሣ። ቢቲ ለሞንታግ እንደሚያስረዳው፣ ማቃጠሉ በመንግሥት ዐዋጅ አልተጀመረም። በመጀመሪያ ሰዎች ረዥም ንባብ ሰለቻቸው፤ መጻሕፍት እያጠሩ ሄዱ። ቀጥሎም እያንዳንዱ ወገን የሚያስቀይመው ቃል እንዲወጣለት ጠየቀ። በመጨረሻ የቀረው የማንንም ልብ የማይነካ ወሬ ብቻ ሆነ፤ እሳቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወጣቱም «መጻሕፍት እርስ በርሳቸው ይጣላሉ፤ አንባቢውም ይጨነቃል። ሰውን ከጭንቀት ማሳረፍ ምን ክፋት አለው?» ሲል ጠየቀ።

በአገራችን የመጽሐፍ እገዳ ሲነሣ አስቀድሞ የሚታወሰን ከላይ የሚወርድ ትእዛዝ ነው። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ መሰብሰቡን፣ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ከወጡበት አለመመለሳቸውን የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ በዳዩና ተበዳዩ ተለይተው ይታያሉ። ብራድበሪ የሚያሳየን ግን በዳዩና ተበዳዩ በአንድ ቤት ውስጥ፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ሰው ልብ ውስጥ የሚኖሩበትን ሁኔታ ነው። የወጣቱም ጥያቄ ከባድ የሆነው ስለዚህ ነው።

መልሱን የሰጠችው ያችው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። «ሞንታግ በቃሉ የያዘውን ተመልከቱ» አለች። መጽሐፈ መክብብ አንባቢውን የሚያሳርፍ መጽሐፍ አይደለም። የሰውን ድካም፣ ሀብቱንና ጥበቡን ሁሉ መርምሮ ከንቱነቱን በግልጽ የሚናገር ነው። ሰውን እንዳያስጨንቅ ተብሎ መጽሐፍ የሚቀነስ ቢሆን ከቅዱሳት መጻሕፍት መካከል አስቀድሞ የሚወጣው እርሱ ነበር። በዚህ ላይ ሌላው ተማሪ፣ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለው አባባላችን በዚህ ልብ ወለድ መገልበጡን አስተዋለ፤ የተጻፈው ሲቃጠል በቃል የተያዘው ተርፏልና። አያቱ ዳዊትን በቃላቸው ይደግሙ እንደ ነበረም ነገረን።

በመጨረሻው ዕለት የመጽሐፉን የራሱን ዕጣ አጫወትኋቸው። አሳታሚው እ.ኤ.አ. በ1967 ለትምህርት ቤቶች የሚሆን ልዩ እትም አዘጋጀ። በዚያ እትም 75 ያህል ቦታዎች ለደራሲው ሳይነገረው ተለውጠዋል፤ ስድብና እርግማን ወጥቷል፣ የሰከረው ሰው «የታመመ» ተብሏል። ከ1973 ጀምሮ እስከ 1979 ድረስ ደግሞ ለአንባቢ ሁሉ የሚሸጠው ይኸው የተቀነሰው ብቻ ነበር። የመጽሐፍን መቈረጥ የሚያወግዘው መጽሐፍ ራሱ ተቈርጦ ስድስት ዓመት ያህል ሲሸጥ ኖረ። አዘጋጆቹ ይህን ያደረጉት በክፋት አይደለም፤ ለወጣቶች ሥነ ምግባር አስበው ነው። ነገሩን ለደራሲው በደብዳቤ ያስታወቁት ደግሞ ይጠበቁ የተባሉት ወጣቶች፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ብራድበሪም ሙሉው ጽሑፍ እንዲመለስ አደረገ።

ይህን ነግሬ ስጨርስ ሰልችቶኛል ያለው ያ ተማሪ እጁን አነሣ። «ጋሼ፣ በእኛ ቤተ መጻሕፍት ካለው ልብ ወለድ ሦስት ቅጠል ጎድሏል። ገጾቹን ማን ገነጠላቸው?» አለኝ።

የገነጠልኋቸው እኔ ነበርሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለቁምስናው ቤተ መጻሕፍት በስጦታ ከመጡ መጻሕፍት መካከል አንድ የታወቀ የአማርኛ ልብ ወለድ ነበር። የወንድና የሴት ነገር በግልጽ የተተረከበትን ክፍል ባነበብሁ ጊዜ ለልጆቹ አይሆንም ብዬ ሦስቱን ቅጠሎች በምላጭ ቈርጬ አወጣሁ። ማንንም አላማከርሁም፤ ለማንም አልነገርሁም። በዚያን ጊዜ አንድ ደግ ሥራ እንደ ሠራሁ ቈጥሬው ነበር። ለልጁ እውነቱን ስነግረው በፊቱ ላይ ቍጣ አላየሁም፤ ዝቅ ባለ ድምፅ «እኛ አታሚው የረሳው መስሎን ነበር» አለኝ። ቢቈጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ቤቴ ገብቼ ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 36ን አነበብሁ። ንጉሥ ኢዮአቄም የነቢዩ ጥቅልል በፊቱ ሲነበብለት፣ ሦስት ወይም አራት ዓምድ በተነበበ ቍጥር በካራ እየቀደደ በፊቱ በሚነደው እሳት ውስጥ ይጥለው ነበር። ኤርምያስም ሌላ ጥቅልል ወስዶ ቃሉን ሁሉ ለባሮክ እንደገና አጻፈው፤ ብዙ ሌላም ተጨመረበት። ንጉሡ ያጠፋው ቃሉን ጠልቶ ነው፤ እኔ ለልጆቹ ፈርቼ ነው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ነገር ግን ሁለታችንም ሌላው ሰው ምን መስማት እንደሚገባው ብቻችንን፣ ሳንጠይቅ ወስነናል።

ደግሞም ይህን አሰብሁ። ለወጣቶች አይሆንም የምለውን ሁሉ የምቈርጥ ብሆን፣ ምላጬ በቅዱስ መጽሐፍ ላይ ማረፉ አይቀርም ነበር። ዳዊት በኦርዮን ሚስት የሠራው ኃጢአት ተጽፏል። ኢዮብ የተወለደበትን ቀን መርገሙ ተጽፏል። ጴጥሮስ ጌታውን መካዱ በአራቱም ወንጌላት ተጽፏል። ቤተ ክርስቲያን እነዚህን ሳትቀንስ ለልጆቿ አስተላለፈች፤ ከነትርጓሜያቸው፣ ከነአስተማሪዎቻቸው አስተላለፈች።

ይህን ስል ግን ማንኛውም መጽሐፍ ለማንኛውም ዕድሜ ይስማማል ማለቴ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ምእመናን ገና ስላልጠነከሩ በጽኑ ምግብ ፈንታ ወተት እንደ ሰጣቸው ይነግራቸዋል። ለዐሥር ዓመት ልጅ «ይህን ስታድግ ታነበዋለህ» ብሎ በግልጽ መንገር የወላጅ መብትና ግዴታ ነው። ልጁ መጽሐፉ መኖሩን ያውቃል፤ ማን እንደ ከለከለውና ለምን እንደ ከለከለው ያውቃል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 እንደምናነበውም፣ በኤፌሶን ጥንቈላ ያደርጉ የነበሩ ሰዎች ዋጋቸው 50,000 ብር የሆነ መጻሕፍት አቃጥለዋል፤ ያቃጠሉት ግን ልባቸው ተለውጦ የገዛ ራሳቸውን መጻሕፍት ነው። ከሌላው እጅ ነጥቆ፣ ወይም ሌላው ሳያውቅ ቈርጦ ማስቀረት ከሁለቱም ይለያል። በዚህ ጊዜ አንባቢው የጎደለበት መኖሩን እንኳ አያውቅምና ሊጠይቅም፣ ሊማርም አይችልም።

ቤተ ክርስቲያናችንም በዚህ ጉዳይ ረዥም መንገድ ተጕዛለች። ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1559 ያወጡት የተከለከሉ መጻሕፍት ዝርዝር፣ እየታደሰ ከ400 ዓመት በላይ ቈይቶ በጳውሎስ 6ኛ ዘመን በ1966 የሕግ ኃይሉ ቀርቷል። በዚያን ጊዜ የወጣው መግለጫ ዝርዝሩ ሕግ መሆኑ ቢቀርም ለእምነትና ለምግባር ከሚያሰጉ ጽሑፎች የመጠንቀቅ ግዴታ በኅሊና ላይ እንደሚጸና ያስገነዝባል። ሸክሙ ከዝርዝሩ ወደ አንባቢው ኅሊና ተላልፏል ማለት ነው። ኅሊና ደግሞ የሚታነጸው በማንበብ፣ በመጠየቅና በመመካከር ነው። እኔ ገጾቹን በመቍረጥ ለወጣቶቹ ኅሊና የሚሆነውን ሥራ ከእጃቸው ወሰድሁ፤ አብሬያቸው ተቀምጬ የመነጋገርን ድካምም ለራሴ አቀለልሁ። እውነቱን ለመናገር ከልጆቹ ይልቅ የጠበቅሁት ራሴን ነበር፤ ጥያቄያቸውን ፈርቼ ነበርና።

በማግስቱ ያንን ልብ ወለድ ከመደርደሪያው አውርጄ በመጀመሪያው ባዶ ገጽ ላይ የተቈረጡትን ገጾች ቍጥር ጻፍሁ፤ ያወጣኋቸውም እኔ መሆኔን ጨምሬ ፈረምሁበትና ወደ ቦታው መለስሁት። ከዚያ ወዲህ ያልተጓደለ ቅጂ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ዘንድ እየፈለግሁ ነው። ሲገኝ፣ በሚመጣው ክረምት ከበሰሉት ተማሪዎች ጋር ከእነዚያ ሦስት ቅጠሎች ጭምር እናነበዋለን። ምን ብዬ እንደማስረዳቸው ገና አላሰላሁም። ያ ተማሪ ግን ይሰለቸኝ እንደሆነ በግልጽ እናገራለሁ ብሎ ከወዲሁ አስጠንቅቆኛል።