ትምህርቱ ይዘግይ እንጂ ሪባ አይግባበት

በቅርቡ ሁሩሙ ሄጄ ነበር። ሁሩሙ ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ያዩ ሳይደረስ የምትገኝ የትውልድ ከተማዬ ናት። ከጁሙዓ ሶላት በኋላ የአክስቴ ልጅ ለብቻዬ ነጠል አደረገኝ። በቅዳሜና እሑድ የሚማረውን ዲግሪ ለመጨረስ አንድ ዓመት ቀርቶታል፤ የሚከፍለው ግን የለውም። አባቱ የቡና ማሳውን ለአንድ ነጋዴ በመያዣ ሰጥቶ ሊበደርለት አስቧል። ነጋዴው ዕዳው እስኪመለስ ድረስ ቡናውን እየለቀመ ለራሱ ይወስዳል፤ ዕዳው ግን ሳንቲም አይቀንስም። ሌላው መንገድ ሥራ ይዞ፣ ትምህርቱን በግማሽ እየወሰደ በሁለት ዓመት መጨረስ ነው። «ወንድሜ፣ የቱ ይሻለኛል?» አለኝ።

ጥያቄው ለእኔ እንግዳ አልነበረም። አዲስ አበባ በማታ ስማር፣ በመጨረሻው ዓመት ከአንድ ሰው ገንዘብ ተበድሬ ነበር። የምጨምርለትን «ወለድ» አላልነውም፤ «ምስጋና» አልነው። ቀኑ ደርሶ መክፈል ሲያቅተኝ መርካቶ ቆሜ «አገር ቤት ነኝ» እያልኩ በስልክ ዋሸሁ። ሰውየው የሚሰግደው እኔ በምሰግድበት መስጂድ ነበርና ከጀመዓው ሶላት መቅረት ጀመርኩ። ዕዳ ከአላህ ቤት አሸሸኝ! ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በሶላታቸው ውስጥ ከኃጢአትና ከዕዳ በአላህ ይጠበቁ ነበር። ምክንያቱን ሲጠየቁም ባለ ዕዳ ሲናገር እንደሚዋሽ፣ ቃል ሲገባም እንደሚያፈርስ ማስረዳታቸውን ቡኻሪ ዘግበውታል። ይህን ሐዲስ ከመጽሐፍ በፊት በራሴ ላይ አነበብኩት። በመጨረሻ አንድ ሴሚስተር አቋርጬ፣ ቀን ጽሕፈት ቤት ታይፕ እየመታሁ፣ ማታ ሕፃናት እያስጠናሁ ዕዳውን ጨረስኩ። የሸሸሁት ሥራ ያው መጣ፤ ከዋናው ሌላ «ምስጋናውን» አሸክሞ መጣ።

ታዲያ መበደር ሐራም ነውን? አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ለቤተሰባቸው ገብስ በዱቤ ገዝተው የጦር ጥሩራቸውን በመያዣነት ሰጥተዋል። ሊመልስ አስቦ የሰው ገንዘብ የወሰደን አላህ እንደሚያግዘውም አስተምረዋል። መያዣ ራሱ ነውር የለበትም። ነውሩ አበዳሪው በብድሩ ምክንያት ትርፍ መብላቱ ነው። አባቶቻችን «ወለድ አገድ» ይሉት የነበረው ይኸው ነው። ስሙ በራሱ ወለድ መሆኑን ይመሰክራል። በቅርጫት ቡና ይወሰድ፣ በብር ይቆጠር፣ «ምስጋና» ይባል፣ ሪባ ሪባ ነው። የተረገመውም በዪው ብቻ አይደለም፤ ከፋዩ፣ ጸሐፊውና ምስክሮቹም ናቸው።

አንዳንዱ «ዶሩራ ነው፤ ምን ላድርግ?» ይላል። ዶሩራ ነፍስ ስትጨነቅ ነው። ዲግሪ አንድ ዓመት ስለዘገየ ማን ሞተ? የዘገየው በሐላል ይመጣል፤ የፈጠነው ግን የአባትን ማሳ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ቡናው የግድ ገንዘብ ይሁን ከተባለም ሸሪዓው በር አልዘጋም። በአበባው ያለን ፍሬ መሸጥ የተከለከለ ነው። በ«ሰለም» ውል ግን ገዢው ሙሉ ዋጋውን አሁን ይከፍላል፤ የቡናው ዓይነት፣ ሚዛኑና የማስረከቢያው ጊዜ ተቆርጦ ይታወቃል፤ የአንድ የተወሰነ ማሳ ፍሬ ብቻ ተብሎም አይታሰርም። ይህ ንግድ ነው፤ ያኛው አራጣ ነው። አላህ ንግድን ሐላል አድርጎ ሪባን ሐራም አድርጓል (አል-በቀራ 275)።

ሥራና ትምህርት አብረው አይሄዱም ለሚለን ደግሞ ዑመር ኢብኑል ኸጧብን (ረ.ዐ.) እናስታውሰው። እሳቸውና አንድ አንሷሪ ጎረቤታቸው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሚሄዱት በተራ ነበር። አንድ ቀን አንዱ ሄዶ የሰማውን ለሌላው ያመጣል፤ በማግስቱ ሌላው ይሄዳል። ዑለሞች ከዚህ የተረዱት ተማሪ ኑሮውን መዘንጋት እንደሌለበት ነው። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍም (ረ.ዐ.) መዲና ባዶ እጃቸውን ሲገቡ ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ የሀብታቸውን እኩሌታ ሊሰጧቸው ቢሉ፣ ዱዓ አድርገውላቸው የጠየቁት የገበያውን መንገድ ነበር።

ነገር ግን ሸክሙን ሁሉ በተማሪው ላይ ጥለን እንለፍን? በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመደበኛ የሚማር ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት ውል ፈርሞ፣ ከተመረቀ በኋላ ይከፍላል። የማታና የቅዳሜ ተማሪ ግን ከኪሱ ነው። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ዘምዘምን የመሰሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች ማየታችን አልሐምዱሊላህ ነው፤ ሆኖም መያዣ የሌለው ተማሪ ከባንክ ደጅ ብዙ አያገኝም። እሱን ሊደርስለት የሚችለው ቀርድ ሐሰን፣ ያለ ጭማሪ የሚሰጥ ብድር ነው። የመቱ፣ የበደሌና የጎሬ ነጋዴዎች ሆይ! ከእናንተ አንዱ አንድ ተማሪ ቢይዝ፣ ውሉን በምስክር ቢጽፍ፣ ቢቸገርም እንደ ቁርኣኑ ትእዛዝ እስኪያገኝ ቢታገሠው ስንት ማሳ ከአራጣ ይድናል?

የአክስቴ ልጅ «ጓደኞቼ ቀድመውኝ ሊመረቁ ነው» አለኝ። «ይቅደሙህ» አልኩት፤ «አንተ የአባትህን ቡና እየለቀምክ ትደርስባቸዋለህ።» ዝም ብሎ መሬት መሬቱን አየ። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የቀለለውን መንገድ ሄጄበት ነውና።

አላህ በሐላሉ ያብቃቃን፤ ዕዳ ያለብንን ዕዳችንን ያቅልልልን። አሚን።