ፊዚክስን ለተውሒድ ምስክር መጥራት ይገባልን?

ባለፈው ረመዳን ከተራዊሕ ሰላት በኋላ በመስጊዱ በራፍ ላይ ቆመን ስንጨዋወት፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወንድማችን ፊቱ በደስታ በርቶ «የፊዚክስ ሊቃውንት እኮ በመጨረሻ ወደ ተውሒድ እየመጡ ነው!» አለን። የተፈጥሮ ኃይሎች ሁሉ ከአንድ ምንጭ የፈለቁ መሆናቸው ስለተደረሰበት ከእንግዲህ ከሃዲ ሁሉ አፉ ተዘግቷል ማለቱ ነበር። ከመካከላችን «ሱብሓነላህ» ያላለ አልነበረም፤ እኔም ብያለሁ። ቤቴ ገብቼ ስተኛ ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። ልጁ ውሸት አልተናገረም፤ ከተናገረው ግማሹ እውነት ነው። ያስጨነቀኝ የቀረው ግማሽ ሳይሆን፣ ሁሉም እውነት ቢሆን እንኳ ኢማናችንን በዚህ ላይ ልናቆም ይገባናል ወይ የሚለው ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ እውነተኛውን ግማሽ እንመልከት። እንደሚታወቀው ዛሬ ሳይንስ የሚያውቃቸው መሠረታዊ የተፈጥሮ ኃይሎች አራት ናቸው። እነርሱም ስበት፣ ኤሌክትሮማግኔታዊ ኃይል፣ የአቶምን እምብርት አጥብቆ የሚይዘው ጠንካራው የኑክሌር ኃይልና ደካማው የኑክሌር ኃይል ናቸው። ይህ ደካማ የተባለው ኃይል ባይኖር ፀሐይ አትነድም ነበር፤ ሃይድሮጅኗ ወደ ሂሊየም የሚለወጥበት የመጀመሪያው እርምጃ የሚፈጸመው በእርሱ ነውና። ኤሌክትሪክና ማግኔት ቀድሞ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይመስሉ ነበር። የስኮትላንዱ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ግን እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ አንድ መሆናቸውን በሂሳብ ቀመር አሳየ፤ ብርሃንም የዚሁ ኃይል ሞገድ ሆኖ ተገኘ። አንስታይን ስበትን ከዚህ ጋር ለማዋሐድ የዕድሜውን የመጨረሻ ሠላሳ ዓመታት አፈሰሰ። ሳይሳካለት እ.ኤ.አ. በ1955 ሞተ።

ቀጣዩ ታላቅ እርምጃ እኛን ይበልጥ ይመለከተናል። እ.ኤ.አ. በ1926 ተወልደው በዛሬዋ ፓኪስታን፣ በጃንግ ከተማ አካባቢ ያደጉት ፕሮፌሰር ዐብዱሰላም፣ ከአሜሪካውያኑ ሼልደን ግላሾውና ስቲቨን ዋይንበርግ ጋር ኤሌክትሮማግኔታዊው ኃይልና ደካማው ኃይል የአንድ ኃይል ሁለት ገጽታዎች መሆናቸውን የሚያሳየውን ንድፈ ሐሳብ አቆሙ። ልዩነታቸው የሚመስለን በመልእክተኞቻቸው ምክንያት ነው። የኤሌክትሮማግኔታዊው መልእክተኛ ፎቶን ክብደት የለውም፤ ባዶ እጁን እንደሚሄድ መንገደኛ የትም ይደርሳል። የደካማው መልእክተኞች ግን ኩንታል እንደተሸከመ ሰው ናቸው። እያንዳንዳቸው ፕሮቶንን ከሰማንያ ጊዜ በላይ ስለሚከብዱ ከአቶም እምብርት እንኳ ሳይወጡ ይቀራሉ። ሦስቱም ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1979 የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። መልእክተኞቹ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1983 በጄኔቫ አቅራቢያ በሚገኘው ሰርን የምርምር ማዕከል ተገኙ።

ፕሮፌሰሩ በሽልማቱ ግብዣ ላይ ባደረጉት ንግግር ከሱረቱል ሙልክ ሦስተኛውንና አራተኛውን አንቀጾች አስታወሱ። አንባቢ እንደሚያውቀው እነዚህ አንቀጾች ሰው በአላህ (ሱ.ወ.) ፍጥረት ላይ ዓይኑን ደጋግሞ እንዲመልስ፣ ስንጥቅም ካገኘ እንዲፈልግ የሚጋብዙ ናቸው።

ለልጁ ደስታ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ይሁን እንጂ ሽልማቱን የተካፈለው ዋይንበርግ በአምላክ እንደማያምን በይፋ የሚናገር ሰው ነበር። ሁለቱ ሰዎች ከውቅያኖስ ወዲህና ወዲያ ሆነው፣ አንዱ በፈጣሪ እያመነ ሌላው እየካደ፣ ወደ አንድ ቀመር ደረሱ። ዐብዱሰላም ራሳቸው በሃይማኖት መለያየታቸው በሥራው ላይ ለውጥ እንዳላመጣ ጽፈዋል። እንግዲህ ቀመሩ ብቻውን ምስክር ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚመሰክረው ለጻፈው ለዋይንበርግ አልነበረምን?

ሌላም አለ። አዋሐጆቹ በዚህ አላበቁም። እ.ኤ.አ. በ1974 ጠንካራውንም ጨምሮ ሦስቱን ኃይሎች አንድ የሚያደርጉ ንድፈ ሐሳቦች ቀረቡ፤ አንደኛው የዐብዱሰላምና የሕንዳዊው ጆገሽ ፓቲ ነበር። እነዚህ ንድፈ ሐሳቦች እውነት ከሆኑ ፕሮቶን፣ ማለትም የሰውነታችንና የድንጋዩ ሁሉ መሠረት፣ ለዘላለም አይኖርም፤ እጅግ ረጅም ዘመን ቆይቶ ይፈርሳል። ጃፓኖች በተራራ ሥር አንድ ሺህ ሜትር ጥልቀት ላይ 50,000 ቶን ንጹሕ ውኃ አጠራቅመው እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ አንዲት ፕሮቶን ስትፈርስ ለማየት ይጠባበቃሉ። እስካሁን አንዲትም አልፈረሰችም። ከንድፈ ሐሳቦቹ ቀላሉ በዚሁ ምክንያት ውድቅ ሆኗል። ስበትማ እስከ ዛሬ ከሦስቱ ጋር ለመቀላቀል እምቢ እንዳለ ነው። ታዲያ እምነታችንን በኃይሎች አንድነት ላይ ካቆምነው፣ ፕሮቶኗ ባልፈረሰች ቁጥር የማን ኢማን ሊፈርስ ነው? (ስበትን ትቶ ሦስቱን ብቻ አንድ የሚያደርገው ንድፈ ሐሳብ ቢረጋገጥስ፣ ክርስቲያን ጎረቤታችን «ሦስትም አንድም» ብሎ ለራሱ ቢወስደው ምን እንመልስለታለን?)

ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ወደ ጄኔቫ መሄድ አያስፈልገንም። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ኢብራሂም በሞተ ዕለት ፀሐይ ተጋረደች። ሰዎችም ለኢብራሂም ሞት የተጋረደች መሆኑን ተናገሩ። ሐዘን የደረሰበት አባት፣ መልእክቱንም ለሰው ለማድረስ ሌት ተቀን የሚደክም ነቢይ፣ ሰማይ ራሱ እንዳዘነለት ሲነገረው ዝም ቢል ስንት ሰው ባመነ ነበር! እርሳቸው ግን ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች ሁለቱ መሆናቸውን፣ ለማንም ሞትም ሆነ ሕይወት እንደማይጋረዱ ለሕዝቡ አስታወቁ፤ ወደ ሰላትም ጠሩ። ልብ እንበል፤ ምልክትነታቸውን አልካዱም። የካዱት ሰዎቹ ለእርሳቸው ድጋፍ ብለው ያመጡትን ማስረጃ ነው። ኢማም አል-ገዛሊም ስለ ግርዶሽ የሂሳብ ሰዎች ያረጋገጡትን በሃይማኖት ስም የሚሟገት ሰው ሃይማኖቱን እንደሚጎዳ አስጠንቅቀዋል። ያልተረጋገጠውን በሃይማኖት ስም የሚያውጅስ?

አንድ የሚያሳፍር ነገር ሳላነሳ ላልፍ አልችልም። ፕሮፌሰር ዐብዱሰላም የአሕመዲያ ተከታይ ነበሩ። ከነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በኋላ ነቢይ እንደሌለ የዑለማዎች አቋም የታወቀ ነው፤ በዚህ ላይ እኔም ድርድር የለኝም። የፓኪስታን ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1974 ተከታዮቹ ሙስሊም አይደሉም ብሎ ደነገገ። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1996 በኦክስፎርድ አርፈው በአገራቸው ሲቀበሩ፣ «የመጀመሪያው ሙስሊም የኖቤል ተሸላሚ» ከሚለው የመቃብራቸው ጽሑፍ ላይ «ሙስሊም» የሚለው ቃል ተፋቀ። እኛው ግን በክርክር ጊዜ ሙስሊም የኖቤል ተሸላሚዎችን ስንቆጥር የእርሳቸውን ስም ከፊት እናሰልፋለን። ክርክር ላይ ሲሆን የኛ፣ መቃብር ላይ ሲሆን የሌላ ማለት ነው። ፈቃድ አግኝቶ በተቆጠረ ጊዜ የሚጠራ፣ ባልተፈለገ ጊዜ የሚባረር ምስክር በየትኛው ቃዲ ፊት ይቆማል? ቀመራቸውንም የምንይዘው በዚሁ ዓይነት ነው። ሲመቸን «ማስረጃ»፣ ሳይመቸን «የምዕራባውያን ግምት» እንለዋለን።

ይህን ሁሉ ለዚያ ወንድማችን በሌላ ጁምዓ አጫወትኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና «ታዲያ ለዳዕዋ ካልጠቀመ ፊዚክሱን ለምን እማረዋለሁ?» አለኝ። ስለ ሰውየው ሌላ ታሪክ ነገርኩት። ዐብዱሰላም ከካምብሪጅ ተመልሰው በላሆር ሲያስተምሩ የሚወያዩት ባልደረባ፣ የሚያነቡት አዲስ መጽሔት አጥተው፣ የኮሌጁን የእግር ኳስ ቡድን እንዲመሩ ተደርገው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 አገራቸውን ለቀው ሄዱ። ያ ብቸኝነት ሌላውን እንዳያገኘው ሲሉ እ.ኤ.አ. በ1964 በኢጣሊያ ትሪየስቴ የድሃ አገር የፊዚክስ ምሁራን እየተመላለሱ የሚመራመሩበትን ማዕከል አቋቋሙ። ዛሬ በስማቸው የሚጠራ ነው፤ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የሄዱበት አሉ።

ልጁ ጥቂት አሰበና «ለመግባት ስንት ነጥብ ይጠይቃል?» አለኝ።