ልጄን አምነዋለሁ ማለት ብቻ ይበቃልን?

እስቲ አንድ ሁኔታ እናስብ። በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት የሚኖር የ17 ዓመት ወገናችን መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና አራት ወሩ ነው። ረመዳን ሰኔ ላይ ውሎ የተራዊህ ሶላት ሲያበቃ እኩለ ሌሊት አልፏል። ሦስት ጓደኞቹ «አድርሰን» ይሉታል። አባቱ ታክሲ ላይ ነው፤ እናቱም የሌሊት ተረኛ ናት። ያሳፍራቸው ወይስ ይተዋቸው?

የግዛቱ ሕግ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሹፌር ያለ አዋቂ ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ሰዓት እንዳይነዳ ይከለክላል። ሆኖም የሃይማኖት ድርጅት ካሰናዳውና አዋቂ ከሚቆጣጠረው ዝግጅት ለሚመለስ ይፈቅዳል። የተሳፋሪው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከቤተሰቡ ውጭ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ከአንድ ሰው በላይ አያሳፍርም።

«ልጄ አይጠጣ፣ አያጨስ፤ የሚመለሰው ከመስጂድ ነው፤ ለምን ይጠረጠራል?» የሚል ወላጅ አይጠፋም። ደግሞስ ትርፍ መጓጓዣ ያለው ለሌለው እንዲያካፍል ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አላስተማሩንምን? ጠንቃቃው ልጅ በግድየለሾች ዕዳ መያዙስ ፍትሕ ነውን? ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ነገር ግን ሕጉ የልጁን ጠባይ አልመዘነም። በ2000 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ የ16 ዓመት ሹፌር ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው ሲያሳፍር በአንድ ጉዞ የመሞት አደጋው ብቻውን ሲነዳ ካለው ወደ 3 እጥፍ ይጠጋል። ለዚህ ልጁ ክፉ መሆን የለበትም። ከኋላ ያለው ጨዋታ፣ ሳቁ፣ «ቅደመው እንጂ!» የሚለው ድምፅ ይበቃል። (እኛስ በዚያ ዕድሜ ምን ነበርን?) ሦስቱ ልጆች የሦስት ቤት አማና ናቸው። ወደው ቢሳፈሩም ወላጆቻቸው አልተጠየቁም። አማና የሚሰጠው ለታማኝ ብቻ ሳይሆን ሊሸከመው ለሚችል ነው።

ይሁንና ሕጉ በሁሉም ቤት እኩል አይከብድም። ማታ እቤቱ የሚያድር አባት ላለው ልጅ ቀላል ነው፤ ወላጆቹ ሌሊት ለሚሠሩበት ግን ጭንቅ ነው። እንግዲህ ይህን ጭንቅ መሸከም ያለበት የ17 ዓመቱ ልጅ ሳይሆን ጀመዓው ነው። ከተራዊህ በኋላ ባዶ መቀመጫ ይዘው ወደ ቤታቸው የሚነዱ አባቶች ስንት ናቸው? ፖሊስ በጨለማ የተሳፋሪን ዕድሜ አይለይም። መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመው የሚያወጉት ትልልቆች ግን ልጆቹን በስም ያውቋቸዋል።