ስማቸው በመዝገብ ስላልሠፈረ ባለዕዳዎች



ጌታችን ያስተማረንን ጸሎት በየዕለቱ ስንደግም በደላችንን ይቅር እንዲለን አባታችንን እንለምናለን። ወንጌላዊው ማቴዎስ ይህን ጸሎት ባሠፈረበት የግሪክ ጽሑፍ በዚህ ስፍራ የሚገኘው ቃል ግን በቀጥታ ሲፈታ «ዕዳ» ማለት ነው። በአማርኛ «በደል» መባሉ ትክክለኛ ትርጓሜ ነው፤ ሆኖም የቃሉ ሥር ከገበያና ከብድር ውል የተወሰደ መሆኑን መዘንጋት አይገባንም። ማቴዎስ ራሱ ቀራጭ ነበር። ባለዕዳ በቀራጩ ጠረጴዛ ፊት ሲቆም ፊቱ እንዴት እንደሚጠቁር ከሌሎቹ ሐዋርያት ይልቅ እርሱ ያውቅ ነበር ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። ስለዚህ ዛሬ ስለ ገንዘብ ዕዳና መክፈል ስላቃተው ሰው እንናገራለን።

ነገሩን ከቅርብ እንጀምር። በአዲስ አበባ የሚገኘው ጠመንጃ ያዥ፣ ስሙ እንደሚናገረው፣ የጠመንጃ ያዦች ሰፈር ነበረ። በልደታ ደግሞ የፌዴራል ፍርድ ቤት ችሎቶች ተቀምጠዋል፤ አበዳሪና ተበዳሪም በየዕለቱ በዚያ ይቆማሉ። ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ ግን ዳኛ የማያየው፣ መዝገብ የማይከፈትበት ሌላ ዕዳ አለ። የሱቅ ዱቤ አለ፤ በለሆሳስ የሚሰጥ አራጣ አለ፤ የዕቁብ ዕዳም አለ። ዕጣው በመጀመሪያው ዙር የወጣላት እናት ገንዘቡን ተቀብላ በጉልት ንግድ ላይ ታውለዋለች። ንግዱ ይከስራል። በሦስተኛው ወር መክፈል ያቅታታል፤ ዳኛውና ጸሐፊው ወደ ዋሷ ይሄዳሉ፤ ዋሷም የልጆቹን የትምህርት ቤት ገንዘብ አውጥቶ ይከፍላል። ከዚያ በኋላ እርሷ በዋናው መንገድ ማለፍ ትተዋለች። ከእድር ትቀራለች። ከቅዳሴም ትቀራለች። እኛ እረኞች የአንድን ምእመን መጥፋት ስናስተውል ታሞ ይሆናል፣ ወይም እምነቱ ቀዝቅዞ ይሆናል እንላለን እንጂ፣ ዋሱ በሦስተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ስለሚቀመጥ ነው የቀረው ብለን የምናስብ ጥቂቶች ነን።

እንዲህ ያለውን ሰው የሚቆጥረው ማን ነው? በሀገራችን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አምስተኛ መጽሐፉን ለኪሳራ የመደበ ሲሆን፣ ይህንኑ ክፍል በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) ተክቶታል። አዲሱ ሕግ ንግዱ ፈጽሞ ከመውደቁ በፊት መልሶ የሚደራጅበትን መንገድ ማሳየቱ የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱም ሕጎች የሚናገሩት በዋናው ስለ ነጋዴና ስለ ንግድ ማኅበር ነው። የጉልቷ ሻጭና ደመወዝተኛው በኪሳራ መዝገብ ስማቸው አይገኝም፤ ስለዚህ ከኪሳራ ቁጥር ውስጥ አይገቡም፤ ሕጉ ለከሰረ ነጋዴ ያዘጋጀው መሸሻም ለእነርሱ አልተዘጋጀም።

ይህ በእኛ ሀገር ብቻ የሆነ አይደለም። በእንግሊዝ ሀገር የኪሳራ ሕግ እስከ 1861 እ.ኤ.አ. ድረስ የነጋዴ ብቻ ነበር። የከሰረ ነጋዴ ስሙ በመንግሥት ጋዜጣ ይወጣል፤ ያለውን አስረክቦና ተመርምሮ ነጻ ሊወጣ ይችላል። ሌላው ድኻ ግን ወህኒ ይወርዳል። ጆን ሃዋርድ የተባለ ሰው የእንግሊዝንና የዌልስን ወህኒ ቤቶች በበቅሎና በፈረስ ሳይሆን በእግዚአብሔር ፍርሃት ዞረ ብንል ይሻላል፤ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ልጅ አልነበረም፣ ሥራው ግን የወንጌል ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1777 ባሳተመው መጽሐፍ 4,084 እስረኞች ቆጥሮ ከእነዚህ 2,437ቱ የታሰሩት በዕዳ መሆኑን አሳየ። ከአሥሩ ስድስቱ ማለት ነው። ሌባውና ነፍሰ ገዳዩ በቁጥር ከባለዕዳው ያንሱ ነበር። ሃዋርድ በየክፍሉ ገብቶ ባይቆጥር ኖሮ በጋዜጣው ዝርዝር ብቻ የሚተማመን ሰው እነዚያን ሁሉ ሰዎች አያያቸውም ነበር።

ወደ አባቶቻችን ዘመን እንመለስ። ባለገንዘብና ባለዕዳ ጉዳያቸው እስኪቆረጥ ድረስ በሰንሰለት ወይም በነጠላ ጫፍ ተቆራኝተው ይውሉና ያድሩ እንደ ነበር እናውቃለን፤ ቁራኛ የተባለው ሥርዓት ይህ ነው። ሥርዓቱ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ቀርቷል፤ ቃሉ ግን በአፋችን ቀርቶ ዛሬም ለረጅም ጊዜ የታመመውን ሰው «የአልጋ ቁራኛ» እንለዋለን። በቁራኛ ጊዜ አንድ ነገር ግልጽ ነበር፤ አሳሪውም ታሳሪ ነው። ባለዕዳው ወደ ውኃ ሲወርድ ባለገንዘቡ አብሮት ይወርዳል፤ አንዱ ካልተኛ ሌላውም አይተኛም። የዛሬው አበዳሪ ሰንሰለቱን አያየውም እንጂ ሌሊት የሚያሰላው፣ የተበዳሪውን በር በሐሳቡ የሚያንኳኳው እርሱም በዚያው እስራት ውስጥ ነው።

ጌታችን ስለ ጨካኙ አገልጋይ የነገረን ምሳሌ (ማቴ. 18፥21-35) በዚህ መንገድ ሲነበብ ይከብዳል። የመጀመሪያው አገልጋይ ለንጉሡ ያለበት ዕዳ አሥር ሺህ መክሊት ነው። አንድ ዲናር የአንድ ቀን የጉልበት ዋጋ፣ አንድ መክሊትም ስድስት ሺህ ዲናር ያህል ስለ ነበር፣ ዕዳው ስልሳ ሚሊዮን የሥራ ቀን ይሆናል። ባልንጀራው ለእርሱ ያለበት መቶ ዲናር ግን ከአራት ወር ያነሰ ሥራ ነው፤ ጊዜ ቢሰጠው የሚከፈል ዕዳ ነበር። ባልንጀራው የለመነውም ምሕረት አልነበረም፤ ጊዜ ነበር። አገልጋዩ ግን ወህኒ አስገባው፤ በዚያም ሠርቶ የሚከፍልበትን እጁን አሰረበት። ሀገራችን እ.ኤ.አ. በ1993 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በአንቀጽ 11 የውል ግዴታውን መፈጸም ስላልቻለ ብቻ ማንም እንዳይታሰር መደንገጉ ከዚህ ምሳሌ ትምህርት ጋር ይስማማል።

ነገር ግን አንዱ ተነሥቶ «የዕቁቡ አባላትስ ድኾች አይደሉምን? የእነርሱን ገንዘብ ማን ይመልስ?» ብሎ ቢጠይቀን ጥያቄው እውነተኛ ነው። ዕዳን መክፈል የፍትሕ ግዴታ እንደሆነ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2411 ያስተምራል። እያለው የሚደብቅ፣ ንብረቱን በዘመድ ስም የሚያዛውር ሰው ባለዕዳ ብቻ ሳይሆን ሌባ ነው፤ ለእርሱ ምሕረት መስበክ በዋሱ ላይ መፍረድ ይሆናል። አባላቱም የሌላውን ድኻ ድርሻ ይቅር ለማለት ሥልጣን የላቸውም፤ እያንዳንዱ ይቅር የሚለው የራሱን ነው። እንግዲህ የሌለውን ከሚደብቀው ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህም የሚታወቀው ቀርቦ በማየት እንጂ ከሩቅ በማማት አይደለም።

ኦሪት ዘዳግም አበዳሪው ወፍጮን መያዣ አድርጎ እንዳይወስድ፣ መያዣውን ለመቀበልም ወደ ባለዕዳው ቤት ሳይገባ ከውጭ ቆሞ እንዲጠብቅ ያዛል (ዘዳ. 24፥6፤ 10-13)። ወፍጮ የተከለከለው የነገ እንጀራ ስለሆነ ነው። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችንም የባለዕዳውን መተዳደሪያ መሣሪያ፣ የማብሰያ ዕቃና መኝታ ለዕዳ እንዳይያዝ ይከለክላል። በሰፈር ግን ይህ ሕግ አይታወቅም፤ ምጣድና የልብስ ስፌት መኪና በመያዣነት ከቤት ሲወጡ ሁላችንም አይተናል። የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ልጆች በኢጣልያ በፔሩጃ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1462 ድኻው ከአራጣ አበዳሪ እጅ እንዲድን በመያዣ የሚያበድር ቤት ሲያቆሙ፣ ነገሩ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብዙ ክርክር አስነሥቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1515 አምስተኛው የላተራን ጉባኤ ሥራውን አጸደቀላቸው። ስብከት ብቻውን የአራጣ አበዳሪን በር እንደማይዘጋ አስቀድመው የተረዱ ሰዎች ነበሩ።

ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ሀገራችን ለውጭ ቦንድ ባለቤቶች መክፈል የነበረባትን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀርታለች። ከዚያ በኋላ የሆነው ምንድር ነው? ባለገንዘቦቹና ባለዕዳዋ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ፤ የመክፈያው ጊዜ ስለሚራዘምበትና ስለሚቀነሰው መጠን መነጋገር ጀመሩ። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2024 የ2025ን ኢዮቤልዩ ባወጁበት ጽሑፍ ባለጸጎች ሀገሮች መክፈል የማይችሉትን ሀገሮች ዕዳ እንዲሰርዙ ጠይቀዋል፤ ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም እ.ኤ.አ. በ1994 ለ2000 ኢዮቤልዩ ተመሳሳይ ልመና አቅርበው ነበር። ይህን ስንሰማ ደስ ይለናል፤ ለሀገር የምንፈልገውን ያንን ጠረጴዛ ግን ለጉልቷ ሻጭ አናዘጋጅላትም።

ነህምያ ሕዝቡ እርሻቸውንና ልጆቻቸውን በመያዣ መስጠታቸውን በሰማ ጊዜ (ነህ. 5) መኳንንቱን ከመገሠጹ ጋር እርሱና ወንድሞቹም አበዳሪዎች መሆናቸውን በጉባኤ ተናገረ፤ ካህናቱንም ጠርቶ በፊታቸው አስማላቸው። ከዚህ ተነሥተን ለየቁምስናው የምናሳስበው ይህን ነው። የዕቁብ ዳኞች የሆናችሁ ምእመናን፣ መክፈል ያቃተው አባል ሲገኝ ወደ ዋሱ ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ሽማግሌዎች ይዛችሁ እርሱን ራሱን አነጋግሩት፤ ያለውንና የሌለውን እዩ። በየወሩ ሊከፍል የሚችለውን፣ ትንሽም ቢሆን፣ በቀን ወስናችሁ ጻፉ። መሥሪያ ዕቃውን አትውሰዱ። ስምምነቱን ባለዕዳውና ምስክሮቹ ይፈርሙበት፤ ለዋሱም አንድ ቅጂ ይሰጠው።