ድንጋዩም ምድርን ይስባል



በዳንግላ አካባቢ ለወጣቶች ትምህርተ ክርስቶስ በምንሰጥበት አንድ እሑድ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ ተነሥቶ፣ «ፍጥረትን ሁሉ ደግፎ የያዘ እግዚአብሔር ነው ትሉናላችሁ፤ በትምህርት ቤት ደግሞ ጨረቃን የያዛት የመሬት ስበት ነው ይሉናል፤ የትኛውን እንመን?» ሲል ጠየቀ። ከመካከላችን አንዱ ነገሩን ለማሳጠር ብሎ፣ «የዚህ ዓለም ጥበብ ነውና ተወው» አለው። ልጁ ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ በሚቀጥለው እሑድ ግን አልመጣም። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ ይህን እንድንጽፍ ያስገደደንም ይኸው ነው።

አስቀድሞ ልጁ የተማረው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባናል። ከእንጅባራ ብዙም ሳንርቅ በዘንገና ሐይቅ ዳር ቆመን ድንጋይ ብንወረውር፣ ጥቂት ተጉዞ ወደ ውኃው ይወድቃል። በገበያ ድንች ሲመዘንም ሚዛኑን ወደ ታች የሚጫነው ምድር ድንቹን መሳብዋ ነው። እንግሊዛዊው ይስሐቅ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ድንጋዩን የሚጥለውና ጨረቃን በመንገድዋ የሚያዞረው ኃይል አንድ መሆኑን አስረዳ። መጠነ ቁስ ያላቸው ነገሮች ሁሉ እርስ በርሳቸው ይሳሳባሉ፤ መጠነ ቁሳቸው ሲበዛ ስበቱ ይበረታል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን ስበቱ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ጨረቃ ከምድር እምብርት ያላት ርቀት በምድር ላይ ካለነው ከእኛ 60 ጊዜ ያህል ስለሚበልጥ፣ በዚያ የምድር ስበት እዚህ ካለው 1/3600 ገደማ ብቻ ነው። ያም ሆኖ ጨረቃን ለመያዝ ይበቃል።

ብዙዎቻችን የማናስተውለው ግን ሌላ ነው። ምድር ድንጋዩን የምትስበውን ያህል ድንጋዩም ምድርን ይስባታል፤ ኃይሉ በሁለቱም በኩል እኩል ነው። ምድር ወደ ድንጋዩ ስትንቀሳቀስ የማናየው መጠነ ቁስዋ እጅግ ብዙ ስለሆነ ነው። ቅዱስ አውግስጢኖስ በ«ኑዛዜ» መጽሐፉ ፍቅርን ከክብደት ጋር አመሳስሎ፣ ድንጋይ ወደ ታች እሳትም ወደ ላይ ወደየስፍራቸው እንደሚሄዱ፣ እርሱም ፍቅሩ ወደሚወስደው እንደሚሄድ ጽፎአል። ምሳሌው ያማረ ነው፤ ነገር ግን በዘመኑ ትምህርት ድንጋዩ ብቻውን ስፍራውን የሚፈልግ ይመስል ነበር። ሳቢውና ተሳቢው ሁለቱም መሆናቸውን ቢሰማ ቅዱሱ ደስ የሚለው ይመስለናል።

ይህን በትናንሽ ነገሮች መካከል ለመለካት እስከ 1798 መቆየት ግድ ሆነ። ሄንሪ ካቨንዲሽ በቀጭን ሽቦ በተንጠለጠለ ዘንግ ጫፍና ጫፍ ትናንሽ የእርሳስ ማዕድን ኳሶችን አስሮ፣ ከባድ ኳሶችን አቀረበላቸው። የሰው ሙቀት አየሩን እንዳያውክ ክፍሉን ዘግቶ ከውጭ በአቅራቢ መነጽር ይመለከት ነበር፤ ዘንጉም በጥቂቱ ዞረ።

ከእኛም ወገን ቢሆን መለካትን ያልፈሩ ነበሩ። ኢየሱሳዊው ካህን ጆቫኒ ባቲስታ ሪቾሊ በቦሎኛ ከተማ ከአሲኔሊ ግንብ ላይ ኳሶች ሲወድቁ የሚፈጅባቸውን ጊዜ ለክቶ ውጤቱን በ1651 አሳትሞአል። ምድር ትዞራለች የሚለውን አልተቀበለም፤ የለካውን ግን እንደ ለካው ጻፈ። በጋሊሊዮ ላይ በ1633 የተሰጠውን ፍርድ በተመለከተም፣ የዚያ ዘመን የነገረ መለኮት ሊቃውንት መሳሳታቸውን ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1992 በግልጽ ተናግረዋል። እንግዲህ «ተወው» የሚለው መልስ የቤተ ክርስቲያን መልስ አይደለም።

መልሱስ ምንድን ነው? በዚያው በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ፣ እግዚአብሔር የመጀመሪያው ምክንያት ሆኖ በሁለተኛ ምክንያቶች ውስጥና በእነርሱ አማካይነት እንደሚሠራ ያስተምራል። እግዚአብሔርና ስበት አንድ ሸክም የሚሻሙ ሁለት ተሸካሚዎች አይደሉም። ጤፉን ያበቀለው ዝናቡ ነው ወይስ እግዚአብሔር ብሎ የሚጨነቅ ገበሬ አላየንም፤ ሁለቱንም ያመሰግናል፣ እያንዳንዱን እንደ ማዕረጉ። መጽሐፈ ጥበብም በምዕራፍ 11 ፈጣሪ ሁሉን በልክ፣ በቍጥርና በሚዛን እንዳዘጋጀ ይናገራልና፣ ልጁ በደብተሩ የሚያሰላው ይህንኑ ሚዛን ነው።

አንድ ነገር ግን እንጠንቀቅ። ጌታችን ከምድር ከፍ ሲል ሁሉን ወደ ራሱ እንደሚስብ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ተናግሮአል፤ ይህን ከኒውተን ሕግ ጋር የሚቀላቅል ሰባኪ ሁለቱንም ያበላሻል። ድንጋይ አልወድቅም ማለት አይችልም፤ ልጁ ግን አልመጣም ማለት ይችላል፤ ብሎአልም።

ስለዚህ ወደ ቤቱ ሄድን። «ተወው» ያለው ወንድማችን ራሱ ይቅርታ ጠየቀው። ልጁም ደብተሩን አምጥቶ፣ እያንዳንዳቸው 60 ኪሎ ግራም የሆኑ ሁለት ሰዎች በ1 ሜትር ርቀት ቢቀመጡ በምን ያህል ኃይል እንደሚሳሳቡ አብሮን አሰላ። እናቱ ጤፍ ታበጥር ነበርና አንዲት ቅንጣት አንሥታ፣ «ይህችን ያህላል?» አለችው።

«የዚህችን ክብደት አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፣ እማዬ።»

«ታዲያ ቅዳሴ ላይ ጎን ለጎን ስንቀመጥ እንሳሳባለን ማለት ነዋ!» ብላ ሳቀች።